ፕሮግራሙ ልጁን ሲገዛው

ከኩየራ የጻፉልን እናት ስለ 12ኛ ክፍል ተማሪ ልጃቸው ተጨንቀዋል። ልጁ ማንም ሳያዘው የጊዜ ሰሌዳ አውጥቶ ግድግዳ ላይ ለጥፏል። ማታ 5 ሰዓት ይተኛል፤ ሌሊት 9 ሰዓት ይነሳል። ለምሳ የሰጠው 15 ደቂቃ ነው። እንግዳ መጥቶ ግማሽ ሰዓት ካለፈበት «ቀኑ ተበላሸ» ብሎ ያለቅሳል፣ እራቱን ይተዋል፣ ያነበበውን ምዕራፍ ከመጀመሪያው ይጀምራል። አያቱ «ተዪው፣ ጎበዝ ልጅ ነው» ይላሉ። እናት ግን ፈርተዋል።

አያትየው አልተሳሳቱም፤ ጊዜውን የሚያውቅ ልጅ መታደል ነው። የልጁ ፍርሃትም ከሜዳ አልመጣም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን የሰማ ልጅ እንቅልፉን ቢቀንስ አይገርምም።

ይሁንና ልጁ ሰሌዳውን ሲያዝና ሰሌዳው ልጁን ሲያዝ ይለያያሉ። ልዩነቱ የሚታየው ፕሮግራሙ በተቋረጠ ዕለት ነው። ጤነኛ ልማድ ያለው ልጅ ትንሽ ይናደድና ነገ ይቀጥላል። ሰሌዳው የሚገዛው ልጅ ግን ይደነግጣል፣ ራሱን ይቀጣል፣ የሠራውን ካልደገመ አያርፍም። ያን ጊዜ ሰሌዳው የጥናት መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ ጭንቀትን ማስታገሻ ሆኗል። ማስታገሻው ደግሞ ለጊዜው ነው፤ ነገ ተጨማሪ ደንብ ይጠይቃል።

ለንደን ውስጥ ተመራማሪዎች 96 ሰዎች አዲስ ልማድ ሲይዙ ተከታትለው በ2010 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ልማዱ እስኪጸና በአማካይ 66 ቀን ገደማ ወስዷል፤ አንድ ቀን መዝለል ግን ልማዱን አላፈረሰውም። ይህን ለልጅዎ ይንገሩት። እንቅልፍንም አይርሱ፦ ለዚህ ዕድሜ የሚመከረው በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። በ4 ሰዓት እንቅልፍ የተነበበ ነገር አእምሮ ውስጥ ለመቆየት ይቸገራል።

ደግሞም እኛ ማረፍን የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። ኩየራ ውስጥ አርብ ፀሐይ ስትጠልቅ አድቬንቲስት ጎረቤቶችዎ ሥራቸውን ያቆማሉ፤ እስከ ቅዳሜ ማታም ያርፋሉ። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ጾም ለታመመ መላ አለው። ሥርዓት ሲባል ምሕረት አብሮት የሚኖር ነገር ነው። የልጁ ሰሌዳ የጎደለውም ይኸው ነው።

ስለዚህ ሰሌዳውን አይቅደዱበት፤ ፍርሃቱን ያብሱታል። አብራችሁ ተቀምጣችሁ በየቀኑ ምንም ያልተጻፈበት አንድ ሰዓት አስገቡበት። እንቅልፉን በየሳምንቱ በግማሽ ሰዓት ይጨምር። «ስንት ምዕራፍ ጨረስክ?» የሚለውን ጥያቄ ቤተሰቡ ሁሉ ይተወው። አያትየውም «ጎበዝ» ሲሉት ስለ ውጤቱ ብቻ አይሁን፤ ቡና ሲፈላ ይጥሩት፣ ወግ ያውሩለት። አያት ሲጠራ እምቢ ማለት ይከብዳል፤ መልመጃው እዚያ ይጀመር። አቋርጦ መጥቶ ምንም እንዳልደረሰበት በራሱ ያየዋል።

ይህ ተሞክሮ ለውጥ ከሌለ፣ ወይም ልጁ ምግብ መተውን፣ ማልቀስን፣ አንድን ነገር ደጋግሞ መሥራትን ከቀጠለ፣ ፈተናው እስኪያልፍ አይጠብቁ። ሻሸመኔ ወይም ሐዋሳ ሆስፒታል ሄደው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይጠይቁ። ከአቅም በላይ የሆነ ሐሳብና ድግግሞሽ ብዙ ጊዜ በጉርምስና ዕድሜ ይጀምራል፤ በምክር ሕክምናም በመድኃኒትም ይታከማል። ጸበል የሚወስዱት ወላጆችም ሕክምናውን አብረው ያስኬዱ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። «መኖር አልፈልግም» የሚል ቃል ከሰሙ ግን ብቻውን ሳይተዉት በዚያው ዕለት ይውሰዱት።

ፈተናው በሚቀጥለው ዓመትም አለ። ልጁ ግን አንድ ነው።