ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሳይክል

ጎንደር የሳይክል አገር አይደለችም። ሳይክል ማየት የፈለገ ባሕር ዳር ይውረድ፤ እዚያ መሬቱ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። እኛ ዘንድ ከፒያሳ የተነሳ ሰው ወይ ይወርዳል ወይ ይወጣል፤ ሦስተኛ ምርጫ የለውም። በእኔ ልጅነት የነበሩት ጥቁር ፊኒክሶች ከባለቤቶቻቸው እኩል ይደክሙ ነበር። አንድ ማርሽ ብቻ፣ በብረት ዘንግ የሚሠራ ፍሬን፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛ፣ ከፊት በዲናሞ የሚበራ መብራት። «አቀበት ላይ ሰው ሳይክሉን ይገፋል፣ ቁልቁለት ላይ ሳይክሉ ሰውን ይገፋል» እያልን እንስቅ ነበር።

የሳይክል ቋንቋችን ከጣሊያን ጋር የገባ ነው። ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ጎንደር የቆየው ጣሊያን ፒያሳ ላይ ሕንጻዎቹን ትቶ ሲሄድ ቃላቱንም ትቶልን ሄደ፤ ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ቸርኬ፣ ማርሽ፣ ኩሽኔታ የምንለው ሁሉ የእርሱ ቅሪት ነው። ውድድሩንም ቢሆን አገራችን ቶሎ ነው የለመደችው። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ፣ ሜልቦርን ላይ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ልካ ነበር፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነበሩ። ለጎንደር ዳገት ግን ያ ሁሉ ብዙም አልጠቀመም። ለእኛ የሚሆነው ሳይክል የመጣው ዘግይቶ ነው።

«ማውንቴን» ነበር የምንለው። መጀመሪያ ያየሁት በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ በወለቃ በኩል ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ሁለት ፈረንጆች የኮሶዬን አቀበት ተቀምጠው ይወጡታል! ፍጥነታቸው ከእግረኛ ብዙም አይበልጥም፤ እግራቸው ግን እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይሽከረከራል። አብሮኝ የነበረ ገበሬ በቅሎውን አቁሞ ካያቸው በኋላ፣ «ይህስ ዳገት አያውቅም» አለኝ። እውነቱን ነበር። ጎማው ወፍራምና ጥርሳም፣ መሪው ቀጥ ያለና ሰፊ፣ ከፊት ሦስት ከኋላ ስድስት ጥርስ ተደራርቦ በጠቅላላው 18 ማርሽ ያለው ነበር። እንዳሁኖቹ ሹካው ላይ ስፕሪንግ የለበትም፤ ድንጋዩን ሁሉ የሚቀበለው የነጂው ክንድ ነው።

በኋላ እንዳነበብኩት፣ ይህ ሳይክል የተወለደው እንደ እኛው ባለ ዳገታም አገር ነው። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ታማልፓይስ በሚባል ተራራ አካባቢ፣ ጎረምሶች ከአያቶቻቸው ዘመን የተረፉ ወፍራም ጎማ ያላቸውን አሮጌ ሳይክሎች እየፈለጉ በኮረኮንች ቁልቁለት ይለቋቸው ጀመር። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1976 «ሪፓክ» የተባለውን ውድድር ጀመሩ። መንገዱ ከሦስት ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ቁልቁለቱ ግን 400 ሜትር ያህል ይወርዳል። የእነዚያ ሳይክሎች ፍሬን ያለው በኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ ነበር፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት ይይዛል። በቁልቁለቱ ግለት ውስጡ ያለው ግሪስ እየጨሰ ያልቃል፤ ታች ሲደርሱ እንደገና መሙላት ግድ ነው። «ሪፓክ» የሚለው ስምም የመጣው ከዚሁ እንደገና መሙላት ነው። በዓመቱ ጆ ብሪዝ የተባለው ልጅ ለተራራ ተብሎ የታሰበ አዲስ ሳይክል ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1979 ጋሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ፣ ቶም ሪቺ የሚሠራቸውን ይዘው ንግዱን ጀመሩ። ከ1981 በኋላ ደግሞ ፋብሪካዎች በብዛት ያመርቱት ጀመር። ከእነዚያ ወንዶች መካከል ዌንዲ ክራግ የምትባል ሴት ነበረች፤ አብራቸው ትጋልባለች፣ ፎቶግራፍም ታነሳለች። የዚያን ዘመን ብዙ ፎቶግራፎች የምናያቸው በእርሷ ዓይን ነው።

ወደ ቤቴ ልመለስ። በግንቦት 1988 ዓ.ም. አንድ የውጭ አገር መምህር ውሉን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ ማውንቴኑን ለሽያጭ አቀረበ። ቀለሙ ሰማያዊ ነበር፤ ፍሬሙ ላይ የነበረው ስም ተፍቆ ስለነበር የየትኛው ፋብሪካ ሥራ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። የሁለት ወር የመምህርነት ደመወዜን ከፍዬ ወሰድኩት። ወንዱ ልጄ 14 ዓመቱ ነበር፤ ሴቷ 12። ሳይክሉ የወንድምሽ ነው አልናት። ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ እኛም ምክንያት አልሰጠናትም። በልባችን ያለውን ግን የዚያ ዘመን ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል። ሴት ልጅ ሳይክል ከነዳች ክብሯ ይነካል ይባል ነበር። ዛሬ ማንም ሐኪም የሴት ልጅ ክብር ከሳይክል መቀመጫ ጋር ጉዳይ እንደሌለው ይነግራችኋል። ያኔ ግን እኔ መምህሩ እንኳ ሐኪም አልጠየቅኩም።

የሚገርመው ነገር ያው ክረምት የአትላንታ ኦሎምፒክ ነበር። ሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም. ፋጡማ ሮባ የሴቶችን ማራቶን ስታሸንፍ ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ቴሌቪዥኑ ፊት ተሰብስቦ በእልልታ ቀወጠው። የኦሎምፒክ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ናት። በሁለተኛው ቀን ደግሞ የተራራ ሳይክል ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሎምፒክ ውድድር ሆነ፤ የሴቶቹን ፓኦላ ፔዞ የምትባል ጣሊያናዊት ወሰደች። እኔ ለፋጡማ አጨብጭቤ፣ ልጄን ግን ከግቢያችን ሳይክል አግጃት ነበር። ሁለቱ ነገር አብሮ እንደማይሄድ ለማየት ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀብኝ።

ሁለት ዓመት ሳይክሉ የቤታችን ንጉሥ ነበር። በ1990 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ወንዱ ልጄ ከሠፈራችን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ አልያዘለትም። የግንብ አጥር ላይ ወድቆ እጁ ተሰበረ። ወጌሻ አሸው፣ ሐኪም ጋር ሄደን በጀሶ ታሰረ፤ ሁለት ወር ቤት ዋለ። ባለቤቴ በዚያው ሳምንት፣ «ይህን ነገር ዳግመኛ ዓይኔ እንዳያየው» አለች። ዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሁለት ትልልቅ ምስማር መትቼ ሰቀልኩት። በዚያው ተረሳ።

ባለፈው ጥምቀት ሴቷ ልጄ የዘጠኝ ዓመት ልጇን ይዛ ከምትሠራበት ከዳባት መጣች። ታቦቱን ሸኝተን ከፋሲል መዋኛ ስንመለስ የልጅ ልጄ ዕቃ ቤት ገብታ ኖሮ፣ «አባባ፣ ይህ የማን ነው?» አለችኝ። «የአጎትሽ ነው» አልኳት። አወረድነው። አቧራውን ጠርገን፣ ጎረቤት ካለው ጎሚስታ ዘንድ ጎማውን አስነፋን፤ እንደምንም ያዘ። ልጄ መሪውን ያዘችና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ወጣችበት። ግቢውን ዞረች። ማርሽ ቀየረች። እንደገና ዞረች። እኔና እናቷ ተያየን።

«አንቺ ይህን የት ለመድሽው?» አልኳት።

ወርዳ አጠገቤ ተቀመጠች። «አባዬ፣ አይቆጡኝ። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነው። ጠዋት እናንተ ኪዳን ስትሄዱ ወንድሜ ተኝቶ እወስደው ነበር። ዘበኛው በሩን ይከፍትልኝ ነበር፤ ለእርስዎ እንዳይነግር አስምዬው» አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ!

ለመሳቅ ቃጥቶኝ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ተውኩት። «የፍሬኑ ጎማ ማለቁን አውቅ ነበር» አለች። «ሊሰበር ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሜዳው ላይ እንኳ ስይዘው ብረት በብረት ይጮህ ነበር። እንዳልነግራችሁ፣ ‹በምን አወቅሽ?› ትሉኛላችሁ። ዝም አልኩ። እጁ ሲሰበር እኔ የሰበርኩት መሰለኝ። እርሱን ሁላችሁ አለቀሳችሁለት፤ ሳይክሉ ሲሰቀል እኔ ግን የማለቅስበት ምክንያት እንኳ አልነበረኝም።»

ምን ልመልስላት? የ14 ዓመት ልጅ ይህን ተሸክማ አድጋ፣ ተምራ፣ ወልዳ እኔ አላወቅኩም። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት። እናቷ ምንም ሳትናገር ራሷን ደረቷ ላይ አስጠጋቻት።

ማታ ወንድሟ ከሚኖርበት ውጭ አገር ለበዓሉ ሲደውል ስልኩን ለእርሷ ሰጠኋት። እንደገና ሁሉንም ነገረችው፤ ድምፁ ለሁላችን እንዲሰማ ተደርጎ ነበር። ዝም ብሎ ሰማትና ሳቀ። «እኔስ ማለቁን የማላውቅ መሰለሽ? ብነግራቸው ሳይክሉን ይሰቅሉብኛል ብዬ ነው እንጂ!» አለ። ልጄ እያለቀሰች ሳቀች። ለእርሷ ሸክም የሚያወርድ ቃል ነበር። ለእኔ ግን ሌላ ጭነት ጨመረልኝ። ሁለት ልጆች አንድ አደጋ እያዩ፣ አንዷ ቁጣ ፈርታ፣ አንዱ ክልከላ ፈርቶ፣ ሁለቱም ከእኔ ደበቁት። ቤቱ ውስጥ ስለዚያ ፍሬን የማናውቅ እኔና ባለቤቴ ብቻ ነበርን።

ወላጆች ሆይ፣ መከልከል አንዳንዴ ግድ ነው፤ ይህን የምትሉኝ ሁሉ ልክ ናችሁ። ነገር ግን ምክንያቱን ያልነገርነው ክልከላ ልጁን ከነገሩ አያርቀውም፤ ነገሩን ከእኛ ያርቀዋል። ልጅ አደጋ ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው «ብነግራቸው ምን ያደርጉኛል?» ከሆነ፣ ያለቀ ፍሬን የሚታወቀው ከወደቁ በኋላ ነው። ነገሩ የሳይክል ብቻ አይደለም። ዛሬ በስልካቸው ውስጥ ስንት ያለቀ ፍሬን እንዳለ ማን ያውቃል?

ሳይክሉን በማግሥቱ ሠሪ ዘንድ ወሰድነው። የድሮ ማውንቴን ጥሩነቱ ይህ ነው፤ ፍሬሙ ብረት ስለሆነ ብየዳ ይቀበላል፣ ጎማው 26 ቁጥር ስለሆነ ምትኩ ዛሬም አይጠፋም። የፍሬኑን ጎማና ሽቦ፣ ሁለቱን የውስጥ ጎማዎች ቀየርን፤ ኩሽኔታዎቹን አጥበን ግሪስ ሞላን። እንደ ሪፓኮቹ መሆናችን ነው። የሰንሰለቱ ዝገት በናፍጣና በብሩሽ ለቀቀ።

ቤታችሁ የተሰቀለ ሳይክል ካለና ለልጅ ልታወርዱት ከሆነ፣ ሠሪው የነገረኝን ልንገራችሁ። የፍሬኑን እጀታ ስትጨብጡት መሪው ድረስ ከደረሰ ሽቦው ላልቷል፤ አጥብቁት። የፍሬኑ ጎማ የተቦረቦረበት መስመር ከጠፋ ጊዜው አልቋል፤ ቀይሩት። የፍሬኑ ጎማ የሚይዘው ቸርኬውን እንጂ ጎማውን እንዳይነካ እዩ። ጀማሪ ልጅ መቀመጫው ላይ ሆኖ የሁለቱም እግሩ ጣቶች መሬት ሊነኩ ይገባል፤ «ያድግበታል» ብላችሁ ትልቅ ሳይክል አትግዙ፣ ጫማ አይደለም። ማርሽ የሚቀንሰው ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ቁልቁለት ላይ የፊቱን ፍሬን ብቻ በድንገት መያዝ ሰውን በመሪው ላይ ያሳልፋል፤ ሁለቱን አብሮ፣ ቀስ እያሉ ነው። የራስ ቆብ ግድ ነው። ባጃጅ ከሚርመሰመስበት አስፋልት ይልቅ መጀመሪያ ሜዳ ፈልጉ፤ የትምህርት ቤት ሜዳ ካላችሁ ደግሞ ዘበኛውን አብራችሁ አስፈቅዱ።

ለልጅ ልጄ ሳይክሉ ገና ይተልቅባታል። ሁለት ዓመት ትጠብቃለች፤ ምክንያቱን ነግረናታል፣ እግሯ መሬት እስኪደርስ ነው። እስከዚያ ወደ ዳባት የወሰደችው እናቷ ናት። ደውዬ ሳይክሉ እንዴት ነው ስላት፣ «ዛሬ የፊቱ ፍሬን ትንሽ ላልቶብኛል» አለችኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ዘግይቶም ቢሆን ነገረችኝ።