የአክሱም ሐውልት በ15 ስክሪን

የአክሱም ሐውልት ከሮም ሲመለስ በቴሌቪዥን ያልተከታተለ የዚያ ዘመን ሰው ጥቂት ነው። ሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ግዙፉ አንቶኖቭ አክሱም ላይ አረፈ፤ ካህናት ወጡ፤ እልልታው ቀለጠ፤ ዜናው አለቀ፤ ስፖርት ቀጠለ።

ይህንኑ ጉዞ የቪዲዮ አርቲስቱ ቴዎ እሸቱም በካሜራ ተከታትሎታል። የቀረጸውን ግን ለዜና አላዋለውም። እ.ኤ.አ. በ2009 በ15 ስክሪኖች ላይ አከፋፍሎ «የአክሱም ሐውልት መመለስ» የተሰኘ የቪዲዮ ሥራ አደረገው። ሐውልቱ ያው ሐውልት፣ ካሜራውም ያው ካሜራ ነው። ታዲያ አንዱን ዜና፣ ሌላውን ጥበብ ያሰኘው ምንድን ነው?

መልሱን ለማግኘት ወደ አንድ የስጦታ ዕቃ መደብር ጎራ ማለት ይበቃል። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች፣ ብዙውን ጊዜ በ44 ክፍል ተሥሎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ዘንዶው ሲገደል፣ ነጋዴው ታምሪን ወሬውን ሲያመጣ፣ ንግሥቲቱ ስትጓዝ፣ ቅመም የበዛበት ግብር ሲበላ፣ በሌሊት ውኃ ስትጠጣ፣ ምኒልክ ሲወለድ፤ ሁሉም በየሳጥኑ፣ ከሥሩ አጭር ጽሑፍ ተጽፎበት። ተመልካቹ ከፈለገ ከግራ ወደ ቀኝ በተራ ያነባል፤ ካሻው ከውኃው ተነሥቶ ወደ ዘንዶው ይመለሳል። መጀመሪያውም መጨረሻውም በአንድ ጊዜ ፊቱ ነው።

ቴዎ የተከተለው ይህንኑ አሠራር ነው። ሮምና አክሱም፣ ክሬንና ካህን ጎን ለጎን ይታያሉ። ዜና ቀዳሚና ተከታይ አለው፤ ከ15ቱ ስክሪኖች ፊት ግን የትኛውን አስቀድሞ የትኛውን እንደሚያስከትል የሚወስነው ተመልካቹ ነው። ደግሞም የሐውልቱ ታሪክ በአንድ መስመር የሚሄድ አይደለም። ጣሊያኖች የወሰዱት እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። በ1947 የሰላም ውል ላይ ይመለሳል ተብሎ ተፈረመ። ከዚያ በኋላ ግን ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሮም ውስጥ፣ በኋላ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በገባበት ሕንፃ ፊት ለፊት ቆሞ ቀረ፤ በ2002 መብረቅ ሲመታውም እዚያው ነበር። ይህ ሁሉ መጠበቅ በአንድ ደቂቃ ዜና ውስጥ አይገባም።

የቪዲዮ አርት ታሪክ ሲነገር ግን ወሬው ሁልጊዜ ከዚህ ርቆ ይጀምራል። በልማድ የሚጠራው የልደት ቀን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4፣ 1965 ነው። ሴኡል የተወለደው ናም ጁን ፓይክ በዚያ ዕለት ኒውዮርክ ውስጥ አዲስ የሶኒ ተንቀሳቃሽ ካሜራ ይዞ ታክሲ ውስጥ ሆኖ የጳጳሱን፣ የጳውሎስ 6ኛን አጀብ ቀረጸ፤ ማታውኑ ካፌ ኦ ጎ ጎ በተባለ ቤት ለወዳጆቹ አሳየ ይባላል። ደስ የሚል ተረት ነው። ችግሩ፣ ፖርታፓክ የተባለው የሶኒ መሣሪያ ገበያ ላይ የዋለው በ1967 መሆኑ ነው። ፓይክ የያዘው ምን ዓይነት ካሜራ እንደነበር አሁንም ያከራክራል። አሜሪካዊው አርቲስት አንዲ ዋርሆልም በዚያው ዓመት ክረምት ላይ ኖሬልኮ በተባለ መሣሪያ ተዋናይዋን ኢዲ ሴጅዊክን ቀርጿት ነበር። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ለሙዚየሞች መግለጫ ይጠቅም ይሆናል እንጂ ሥራዎቹን ለመረዳት ብዙም አይረዳም።

ከታክሲው ተረት ይልቅ የሚያረካው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ጀርመን፣ ቩፐርታል ከተማ የሆነው ነው። ፓይክ በ1963 በጋለሪ ፓርናስ የውስጥ ዕቃቸውን የነካካቸውን ቴሌቪዥኖች ለእይታ አቀረበ። ካሜራ የለም፣ ቅጂ የለም፤ ያለው ጣቢያው የሚልከው ሥርጭት ነው፣ እሱም ተጣሞና ተዛብቶ። ከቴሌቪዥኖቹ አንዱ በማጓጓዝ ላይ ተበላሽቶ ምስሉ ወደ አንዲት አግድም መስመር ተሰብስቦ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ጠጋኝ ይወስደው ነበር። ፓይክ ግን ቴሌቪዥኑን በጎኑ አቆመው፤ መስመሯም ቀጥ ብላ ቆመች። «ዜን ለቴሌቪዥን» የሚባለው ሥራ ይኸው ነው።

ካሜራው ሲመጣ ነገሩ ወደ መስተዋት ዞረ። አሜሪካዊው አርቲስት ብሩስ ናውማን በ1970 ሰው በጭንቅ የሚያልፍበት ጠባብ ኮሪደር ሠራ። ከመጨረሻው ሁለት ሞኒተሮች ተደራርበው ተቀምጠዋል፤ ካሜራው ደግሞ መግቢያው ላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ገቢው በላይኛው ሞኒተር ላይ የሚያየው ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ነው። ወደ ሞኒተሩ በተጠጋ ቁጥር ከካሜራው ስለሚርቅ ምስሉ እያነሰ ይሄዳል። በታችኛው ሞኒተር ኮሪደሩ ባዶ ነው፤ ማንም የለበትም። ሀያሲዋ ሮዛሊንድ ክራውስ በ1976 እንዲህ ያሉትን ሥራዎች ሰብስባ የቪዲዮ ዋና ጠባይ ራስን መመልከት ነው የሚል ዝነኛ ጽሑፍ አወጣች። ለዚያ ዘመን ኒውዮርክ አባባሏ ልክ ሊሆን ይችላል። ለሁሉም ቦታ የሚሠራ ፍቺ አድርጎ መውሰድ ግን ብዙ ሥራ ያስረሳል።

የሚያስረሳውም ለምሳሌ የቴዎን ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ለንደን የተወለደው፣ አዲስ አበባና ቤልግሬድ፣ በኋላም ሮም ያደገው ቴዎ እ.ኤ.አ. በ1997 ካሜራውን ያዞረው ወደ አያቱ ነበር። አያቱ ደግሞ መጽሐፋቸው በየትምህርት ቤቱ የተነበበላቸው ታሪክ ጸሐፊው ተክለ ጻድቅ መኩሪያ ናቸው። ፊልሙ የቤተሰብ ነው፤ የአያትና የልጅ ልጅ። ቢሆንም ካሜራው ፊት የተቀመጡት የአገር ታሪክ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ስለሆኑ የቤቱ ወሬና የአገሩ ወሬ አይለያዩም። ይህንን ራስን በመስተዋት ማየት ነው ብሎ የሚተረጉም ሀያሲ ካለ፣ ስንት ሰው መስተዋቱ ውስጥ እንዳለ መቁጠር ይኖርበታል። ተክለ ጻድቅ ታሪክን በቅደም ተከተል፣ ንጉሥን ከንጉሥ እያስከተሉ ጻፉ፤ የልጅ ልጃቸው ያንኑ ታሪክ ከፋፍሎ ጎን ለጎን ደረደረው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጥቷል፤ ዕቃው እያረጀ ነው። ደቡብ ኮሪያ፣ ግዋቸን በሚገኘው ብሔራዊ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1988 በ1,003 ቴሌቪዥኖች ያቆመው ግንብ አለ። ቱቦዎቹ አርጅተው ለአደጋ ስላሰጉ በ2018 ጠፋ፤ ተጠግኖ እንደገና የበራው በ2022 ነው። በጥገናው 737ቱ በቱቧቸው ቆዩ፤ 266ቱ በጠፍጣፋ ስክሪን ተተኩ። ያ ሥራ አሁንም የፓይክ ነው ወይ ብለው የሚከራከሩ አሉ። ክርክሩ ትንሽ የተጋነነ ይመስላል። የአክሱም ሐውልት ራሱ ጥንት ወድቆ የተሰባበረ ነው፤ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን መጣ፤ ነሐሴ 2000 ዓ.ም. ሲመረቅ ድንጋዮቹን ውስጥ ለውስጥ ያያያዛቸው ኬቭላር የተባለ የፋብሪካ ውጤት ነበር። ሐውልቱ የአክሱም አይደለም ያለ ግን አልተሰማም። የቴዎ 15 ስክሪኖችም የመቀየሪያ ቀናቸው ይደርሳል። ያን ጊዜ የሚያሳስበው የስክሪኖቹ ሥሪት ሳይሆን፣ አቀማመጣቸውና ምስሎቹ እርስ በርስ የሚገናኙበት ቅንብር ሳይዛባ መቆየቱ ነው።