ጠመንጃ ያልታጠቁት አባ



የሠራዊት ቄስ ሲባል ብዙ ሰው በሐሳቡ የሚመጣበት ጦር ባርኮ የሚሸኝ ካህን ነው። «የእግዚአብሔር ሰው ጦር ሜዳ ምን ይሠራል?» የሚሉም አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከመከራከር ይልቅ በአንድ ካቶሊካዊ ካህን ሕይወት ላሳይዎ።

አባ ኤሚል ካፓውን በ1916 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ካንሳስ፣ ፒልሰን በምትባል የገበሬዎች መንደር ተወለዱ። በ1940 ክህነት ተቀበሉ፤ በ1950 ከሠራዊቱ ጋር ኮሪያ ዘመቱ። የጂፕ ኮፈን መንበራቸው ነበር፤ በላዩ ላይ ይቀድሱ ነበር። መሣሪያ አልታጠቁም፤ የአሜሪካ ሠራዊት ካህን አይታጠቅም።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ኡንሳን ላይ የቻይና ጦር ክፍላቸውን ሲከብ ማምለጥ ይችሉ ነበር። ከቁስለኞቹ ጋር ቀሩ። ኸርበርት ሚለር የተባለ ሳጅን እግሩ ተመትቶ ወድቆ፣ አንድ የጠላት ወታደር ጠመንጃ ግንባሩ ላይ ደግኖበት ሳለ አባ ካፓውን መጡ። ጠመንጃውን ገፋ አድርገው ቁስለኛውን አነሡት። ወታደሩ አልተኮሰም። ምርኮኞቹ ሲነዱ ሚለርን እየደገፉና እያዘሉ ሄዱ፤ ሰውየው አገሩ ገብቶ ለእርጅና በቃ።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የፕዮክቶንግ የምርኮኞች ካምፕ ኑሯቸው ነው። በዚያ ብርድ ሰው በረሃብና በተቅማጥ ይረግፍ ነበር። አባ ካፓውን ቆርቆሮ በድንጋይ ቀጥቅጠው ዕቃ ሠሩ፤ ውኃ አፍልተው አጠጡበት። የሕሙማኑን የቆሸሸ ልብስ አጠቡ፣ ቅማላቸውን ለቀሙ። ሌሊት ሾልከው እየወጡ እህል ሰርቀው ለሁሉም ያካፍሉ ነበር። ለዚህ ሥራ አማላጅ ያደረጉት እኛ ፈያታዊ ዘየማን የምንለውን፣ ከጌታ በስተቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ ነው። እኔ በበኩሌ ያንን ስርቆት ከቅዳሴያቸው ለይቼ ማየት አልችልም።

በ1951 የትንሣኤ ዕለት ጠባቂዎቹ ሃይማኖትን እየከለከሉ አባ ካፓውን ምርኮኞቹን ሰብስበው በግልጽ አስጸለዩ። ኅብስትና ወይን ስላልነበራቸው መቀደስ አልቻሉም። ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም አይሁዱም አብሮ ቆመ። ብዙም ሳይቆዩ ታመሙ፤ ጠባቂዎቹ ሆስፒታል ወደሚሉት፣ ምርኮኞቹ ግን የሞት ቤት ብለው ወደሚጠሩት ስፍራ ተወሰዱ። ሜይ 23 ቀን በ35 ዓመታቸው አረፉ።

በ2013 የአገራቸው ከፍተኛ የጀግና ሜዳይ ተሰጣቸው። አፅማቸው ተለይቶ የታወቀው በ2021 ነው።

እርሳቸው ባረፉበት በዚያው ወር የእኛው የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ፣ ፑሳን ደረሰ። ስለ ጀግንነቱ ብዙ ተነግሯል። ወታደሮቹን ምሽግ ውስጥ ማን እንዳጽናናቸው፣ ከሚሞቱት ጋር ማን እንደጸለየ ግን እምብዛም አናወራም። አንባቢ ሆይ፣ በቤትዎ ወይም በሰፈርዎ የኮሪያ ዘማች አባት ካሉ ይህን ይጠይቁልኝ፤ የሚነግሩዎትንም ይጻፉት። ዕድሜያቸው ገፍቷልና አይዘግዩ።