የሩጫ ውድድር ከወረዳ ይጀመር

በኢትዮጵያ ደጋማ ቀበሌዎች ጎሕ ሲቀድ በመንገድ ዳር የሚሮጥ ልጅ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ከብቱን ከማሰማራቱ በፊት የሚሮጥ አለ፤ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጥ አለ፤ ውኃ ቀድታ ከተመለሰች በኋላ ወደ ባሕር ዛፉ ወጥታ የምትሮጥም አለች። ዓላማቸውን ሲጠየቁ መልሳቸው ተመሳሳይ ነው፤ በመላ አገሪቱ እየተዘዋወሩ መወዳደር፣ ለብሔራዊ ቡድን መመረጥ፣ አንድ ቀን የአገርን ስም ማስጠራት። ይህ ዓላማ የብዙ ዓመት ልፋት የሚጠይቅ ነው። በብዙ ወረዳዎች ግን በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ርቀቱ ተለክቶ፣ ሰዓቱ ተይዞ የሚደረግ ውድድር የለም። ስለዚህ የገጠሩ ልጅ መሰላሉን የሚይዘው ከታችኛው እርከን ሳይሆን ከመካከሉ፣ ይኸውም ከአዲስ አበባ ነው። ብዙዎቹ ወድቀው የሚቀሩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

እርከኑ ተሟልቶ ሲገኝ ምን እንደሚያፈራ ለማወቅ ደራርቱ ቱሉ የተነሣችበትን መንገድ መመልከት ይበቃል። በአርሲ፣ በበቆጂ ገጠር ከብት እየጠበቀች ያደገችው ደራርቱ በመጀመሪያ የታወቀችው በትምህርት ቤቷ በተደረገ የ400 ሜትር ሩጫ ወንዶቹን በመቅደሟ ነው። ቀጥሎ በአካባቢዋ በተደረገ ውድድር 800 ሜትር አሸነፈች፤ በ1980 ዓ.ም. አርሲን ወክላ በአገር አቀፍ ውድድር 1 ሺህ 500 ሜትር ሮጠች፤ በተከታዩም ዓመት በፖሊስ ሠራዊት ተቀጠረች። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ የ10 ሺህ ሜትሩን ሩጫ አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ትምህርት ቤት፣ አካባቢ፣ ክፍለ ሀገር፣ አገር፣ ከዚያም ዓለም፤ በመካከሉ የተዘለለ እርከን የለም። ከተማ የገባችውም ውጤት ይዛ ተፈልጋ እንጂ ዕድሏን ለመሞከር አልነበረም።

ዛሬ የብዙው የገጠር ልጅ አካሄድ ከዚህ የተለየ ነው። ክለቦች የሚቀጥሩት የተመዘገበ ሰዓት ያለውን ሯጭ ነው፤ ሰዓት የሚገኘው በውድድር ነው፤ ውድድሩ ያለው ደግሞ በከተማ ነው። ስለሆነም ልጁ ትምህርቱን ከሰባተኛ ወይም ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ፣ አባቱ በግ ሸጦ በሰጠው ገንዘብ ተሳፍሮ ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ሰንዳፋ ወይም ወደ ኮተቤ ይመጣል። አራትና አምስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ጠዋት እንጦጦን ወጥተው ይወርዳሉ፤ ከሰዓት በኋላ የቀን ሥራ ይፈልጋሉ። ሴቶቹ በሰው ቤት ተቀጥረው ያገለግላሉ፤ አሠሪዋ ከፈቀደች ልምምድ ይወጣሉ፤ ካልፈቀደች ይቀራል። ይህን የሚሸከም አካል በበቂ አይመገብም፣ በበቂም አያርፍም። ሩጫ ከምግብና ከእንቅልፍ የሚገነባ ነገር ስለሆነ በአገሩ ሳለ እኩዮቹን ሁሉ ይቀድም የነበረው ልጅ በሁለተኛው ዓመት ጉልበቱ ይከዳዋል። ወደ ቀዬው እንዳይመለስ ያፍራል፤ የበጉንም ነገር ማንም አይረሳውም።

በገጠር ያለ አባት ልጁ ሲሮጥ ሲያይ «ሥራ ፈት» ብሎ ቢቆጣ ብዙ ሰው ኋላ ቀር አድርጎ ይቆጥረዋል። አባትየው ግን የሚናገረው ከሒሳብ ተነሥቶ ነው። በአጨዳና በውቂያ ወራት አንድ እጅ ቢጎድል ማሳው ላይ የሚቀረውን እህል እሱ ያውቀዋል። ከሚሮጡት ልጆች ውስጥ ለታላቅ ውድድር የሚደርሰው እፍኝ እንደማይሞላም ያውቃል። ከተማ ሄዶ ዕድልን መሞከር የልጅነት ዘመንን ሁሉ የሚያስከፍል ሲሆን፣ በወረዳው ሜዳ የሚደረግ ውድድር የሚያስከፍለው አንድ ቀን ነው። ይህ ልዩነት ለአባትየው በደንብ ቢቀርብለት የሚቃወም አይመስልም።

አንዳንዶች የደጋው አየር ብቻውን ሯጭ የሚያበቅል ይመስላቸዋል። እርግጥ ነው፣ በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ አካል ይህን ለማካካስ ብዙ ቀይ የደም ሕዋሳት ያመርታል፤ ኦክስጅን ወደ ጡንቻ የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። ዳሩ ግን መንዝም ደጋ ነው፣ ጋይንትም ደጋ ነው፣ የጋሞ ተራሮችም ደጋ ናቸው። የበቆጂን ያህል የሯጭ ስም ግን ከእነዚህ አካባቢዎች አልተሰማም። ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ፣ ፋጡማ ሮባ ከዚያች ከአንዲት የገብስና የስንዴ አገር የወጡ ናቸው። ልዩነቱ ከአየሩ ይልቅ በሰው የመጣ ነው። በበቆጂ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በመምህርነት ሄደው ለብዙ ዓመታት የገበሬ ልጆችን በየማለዳው እያሰለፉ አሠልጥነዋል። አንድ መምህር በአንድ ከተማ ይህን ካደረገ በሌሎቹ ደጋ አገሮች ሳይታዩ ያለፉትን ማን ቆጠራቸው?

አርሲ በሌላም ነገር ትምህርት ትሰጣለች። ካዱ በሚል አጭር ስሙ የታወቀው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ በስዊድን መንግሥት ርዳታ ሲሠራ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያን ለገበሬው ያስተዋወቀው ገበሬውን አዲስ አበባ ድረስ ጠርቶ አልነበረም። የሠርቶ ማሳያ ማሳ በየአካባቢው ተዘጋጀ፤ ገበሬው የጎረቤቱን አዝመራ በዓይኑ አይቶ አመነ። ዘር በሚዘራበት አፈር ላይ ይፈተናል እንጂ ሩቅ ቦታ በተሠራ ፈተና ብቻ አይታደልም። የግብርና ባለሙያዎች ይህን ካወቁት ስድሳ ዓመት ሊሞላው ነው። የስፖርት ባለሙያዎች ግን የገጠሩን ሯጭ ዛሬም ተነቅሎ ከመጣ በኋላ ለመፈተን ይጠብቁታል።

በቀደመው ዘመን ይህን ክፍተት ይሞላ የነበረው በአብዛኛው ሠራዊቱ ነበር። አበበ ቢቂላ በደብረ ብርሃን አካባቢ በምትገኘው በጃቶ ተወልዶ ከብት የጠበቀ የገጠር ልጅ ነው። ሯጭ የሆነው ክቡር ዘበኛ ገብቶ፣ በስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን እጅ ከሠለጠነ በኋላ ነው። ማሞ ወልዴም ከዚያው ከክቡር ዘበኛ የወጣ ነው፤ ምሩጽ ይፍጠርም የአየር ኃይል ሰው ነበር። ሠራዊቱ ከመላ አገሪቱ ወጣት ስለሚሰበስብ፣ ስለሚመግብና ውድድር ስለሚያደርግ ሳያስበው የስፖርት ወንፊት ሆኖ አገለገለ። ወታደር ያልሆነው፣ በተለይም ሴቷ፣ በዚያ ወንፊት ውስጥ ለመግባት ዕድሏ ጠባብ ነበር።

ስለ አበበ ሲነሣ ባዶ እግሩ አይቀርም። በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የጨረሰው በባዶ እግሩ ነው፤ ታሪኩም በትክክል የሚያኮራ ነው። ነገር ግን በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጦ ከሮሙ በሦስት ደቂቃ የፈጠነ ሰዓት አስመዝግቧል። ይህን ማንሣት ያስፈለገው ባዶ እግር መሮጥን እንደ ጥበብ አድርገው ለገጠር ልጅ የሚያወድሱ ሰዎች ስላሉ ነው። በቀይ አፈር ደጋ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው እግሩ የሚያብጥበት፣ ዝሆኔ የሚባለው በሽታ በኢትዮጵያ ብዙ ገበሬ ከሥራ ውጪ አድርጓል። መከላከያው ጫማና የእግር ንጽሕና ነው። በወረዳ ውድድር ከሚሰጡት ሽልማቶች ሁሉ ቀዳሚው ጫማ ቢሆን ለሯጩም፣ ለሯጩ እግርም ይጠቅማል።

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር ወር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10 ሺህ ሰው የተሳተፈበት ሲሆን፣ በኋላ የተሳታፊው ቁጥር ከ40 ሺህ አልፏል። የመጀመሪያውን ያሸነፈው የሐሳቡ ባለቤት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር፤ ኃይሌም በልጅነቱ ከአሰላ ገጠር ወደ ትምህርት ቤት በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ያደገ ነው። ይህ ውድድር ለአገሪቱ ሩጫ ያደረገው ሊናቅ አይገባም፤ ከአዲስ አበባም ወጥቶ በሐዋሳና በሌሎች ከተሞች ውድድር ማዘጋጀቱ የሚያስመሰግን ነው። ቢሆንም ሐዋሳ ከተማ ናት። ከመኪና መንገድ የአራት ሰዓት እግር መንገድ ርቆ ለሚኖር ልጅ ሐዋሳና አዲስ አበባ ያላቸው ልዩነት የመሳፈሪያ ዋጋ ብቻ ነው።

«ለወረዳ ውድድር ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄውን በከፊል የሚመልሱት የአዊ ገበሬዎች ናቸው። በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን በእንጅባራ ያከብራል። ፈረሰኛው የገዛ ፈረሱን ሸልሞ፣ ስንቁን ይዞ፣ ከየወረዳው ይመጣል። ማኅበሩን ያቆሙትና ለልጆቻቸው ያወረሱት ገበሬዎች ናቸው፤ ሰማንያ ዓመት ያለፈው በዓል ሲደርስ ማንም አስታዋሽ አያስፈልገውም። ለፈረስ ግልቢያ ይህን ያህል የተደራጀ ገበሬ ለልጆቹ እግር የሚያንስበት ምክንያት የለም።

የሚያስፈልገው ነገርም ቢሆን እጅግ የበዛ አይደለም። ጊዜው አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ባለው ወቅት ቢሆን ሥራ አይበድልም፤ በልግ የሚዘራበት አካባቢ ደግሞ እንደ ራሱ አቆጣጠር ቀኑን ሊወስን ይችላል። ቦታው የገበሬዎች ማሠልጠኛ ጣቢያ ያለበት ቀበሌ ወይም የትምህርት ቤት ሜዳ ሊሆን ይችላል። ከሃያ ዓመት በታች ለሆኑ ወጣቶች በዓለም አቀፍ የአገር አቋራጭ ውድድር ሴቶች 6 ኪሎ ሜትር፣ ወንዶች 8 ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ፤ ወረዳውም ይህንኑ ልክ ቢይዝ የልጆቹን ችሎታ ከሌላው አገር ጋር ለማነጻጸር ይረዳል። ርቀቱን ለመለካት የታወቀ ርዝመት ያለው ገመድና የሚታመኑ ሁለት መምህራን ይበቃሉ። ለሽልማት ከጫማው ሌላ ሙክት በግ፣ የዶሮ ጫጩት፣ ምርጥ ዘር ወይም የአንድ ዓመት ደብተርና የደንብ ልብስ ቢሰጥ ቤተ ሰብ የሚጠቀምበት ስለሆነ አባትና እናት ራሳቸው ልጃቸውን ይዘው ይመጣሉ። የሴቶችና የወንዶች ሽልማት እኩል መሆን አለበት። ሴት ልጅ በግ ይዛ ቤቷ ስትገባ ስለ ጋብቻዋ የሚደረገው ንግግር ለጥቂት ዓመት ሊዘገይ ይችላል፤ ይህ ራሱን የቻለ ውጤት ነው።

የዕድሜ ጉዳይ በቸልታ መታየት አይገባውም። በወጣቶች ውድድር ውስጥ ዕድሜያቸውን የሚቀንሱ አዋቂዎች እየገቡ እውነተኛዎቹን ልጆች ተስፋ ማስቆረጣቸው የታወቀ ነው። በኢትዮጵያ የልደት ምዝገባ በዘመናዊ መንገድ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ፣ ከዚያ ወዲህ የተወለዱትና የተመዘገቡት ልጆች ወደ ወጣቶች ውድድር የሚደርሱበት ጊዜ እየቀረበ ነው። ለትልልቆቹ ግን የቀበሌው ሽማግሌዎችና የትምህርት ቤቱ መዝገብ ከማንኛውም ወረቀት ይበልጣሉ። በገዛ ቀበሌው የሃያ አራት ዓመት ጎልማሳ አሥራ ሰባት ነኝ ብሎ መቆም አይችልም፤ ክርስትና ያነሡት ወይም ስም ያወጡለት ሰዎች ሜዳው ዳር ቆመው ይስቁበታል። አዲስ አበባ ላይ ግን የሚያውቀው ስለሌለ ይችላል።

ሰፊ መሠረት ያለው ጥቅም በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ ታይቷል። በማራቶን ቡድኑ ውስጥ ተጠባባቂ የነበረው ታምራት ቶላ በጉዳት በቀረው በሲሳይ ለማ ቦታ ገብቶ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ አሸነፈ፤ በዚያ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ ያገኘችው ብቸኛ ወርቅም ይኸው ነበር። አራተኛው ሰው ይህን ያህል ከሆነ አርባኛውና አራት መቶኛው ማን እንደሆነ ማወቅ ተገቢ ነው። እነሱ ያሉት በየወረዳው ነው።

ወረዳዎቹ ሊጀምሩ የሚችሉት በአንድ መዝገብ ነው። የሮጠው ልጅ ስም፣ ቀበሌው፣ ክፍሉና ሰዓቱ በጽሕፈት ቤቱ ተጽፎ ይቀመጥ፤ አንዱ ቅጂ ለዞን ይላክ። ልጁ በሚቀጥለው ጥር ተመልሶ ሲሮጥ ካለፈው ዓመት በስንት ሴኮንድ እንደተሻለ ይነገረው። የዞኑ አሠልጣኝም አሥረኛ ክፍል እስኪጨርስ ድረስ ከመዝገቡ እያየ ይከታተለው፤ ለክለብ የሚበቃ ሲሆን ክለቡ ራሱ መጥቶ ከቀዬው ይውሰደው።