የአምቦ በረንዳ ሬዲዮ ማንን ያስፈራል?

የሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በተሰማበት ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ለሳምንታት አልተመለሰም። አምቦ ልጇን የቀበረችው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።

ከማጥፊያው ውጭ የሆነ መንገድ አለ፦ አማተር ሬዲዮ። በመኪና ባትሪ ይሠራል። አንቴናው ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ የሚቆም፣ 1 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የመዳብ ቀለበት ሊሆን ይችላል። በ7 ሜጋኸርዝ ሞገዱ ሽቅብ ወጥቶ ተመልሶ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ ተራራ አያግደውም። እርግጥ ቀለበቱ ከረጅም ሽቦ ይደክማል፣ በየጊዜው መቃኘት ይፈልጋል፣ ሲያስተላልፍም አይነካም። «ደህና ነን» ለማለት ግን ይበቃል።

«ለጸጥታ ያሰጋል» ይባላል። በዓለም አቀፉ ደንብ አማተር በሚስጥር ኮድ ማውራት አይችልም፤ መለያውን እየጠራ፣ ማንም እየሰማው ነው የሚያወራው። ሰላይ እንዲህ ይሠራል? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 5 ኪሎ ግቢ ኢቲ3ኤኤ የተባለው የክለብ ጣቢያ ከዓለም ጋር ሲነጋገር አገር አልፈረሰም። አምቦ ዩኒቨርሲቲስ ምን ጎደለው? ፈቃዱ ከ5 ኪሎ አልፎ ወደ ጊንጪ፣ አምቦና ጉደር ይውረድ።