የአዳኝ ስንፍና

በመጽሐፈ ምሳሌ በ12ኛው ምዕራፍ በ27ኛው ቍጥር ስለ አደን የተነገረ አጭር ቃል አለ። ከዕብራይስጡ የተረጐሙት ሊቃውንት ነገሩን ስለ ሰነፍ ሰው የተነገረ አድርገው፥ ያደነውን ሥጋ ጠብሶ ለመብላት እንኳ የሚታክት ነው ይሉታል። ሰብዓ ሊቃናት ግን ወደ ጽርእ ሲመልሱት በሰነፉ ፈንታ ተንኰለኛውን አስገብተው፥ አደኑ እንደማይቀናው ተናገሩ። ለዲቁና በምማርበት ጊዜ ይህን የንባብ ልዩነት ከጸሐፊ ስሕተት ቈጥሬ አልፌው ነበር። ዛሬ ግን ሰነፍና ተንኰለኛ በአንድ ቦታ መገናኘታቸው አያስደንቀኝም፤ ምክንያቱም በልጅነቴ በአጎቴ ቤት አይቼዋለሁ።

አጎቴ አልመው የማይስቱ ተኳሽ ናቸው ተብለው በአገሩ የታወቁ ነበሩ። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፥ አንድ ቀን ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል፥ ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆነው በማዶ የቆመች ድኩላ አዩ። ቀረብ ብሎ ለመተኰስ ወንዙን መሻገር፥ ዳገቱንም መውጣት ያስፈልግ ነበር፤ እርሳቸው ግን ከተቀመጡበት ተኰሱ። ድኩላይቱ ዘላ ከቍጥቋጦው ገባች።

እኔ ልሮጥ ስነሣ፥ «ተቀመጥ ልጄ፤ የቈሰለ አውሬ ሲያባርሩት ይርቃል፥ ሲተዉት ይተኛል» አሉኝ። ይህ እውነተኛ የአዳኝ ጥበብ ነው፤ ችግሩ መታገሥና መስነፍ ከሩቅ ሲታዩ አንድ መምሰላቸው ነው። ቈይተን ተሻገርን። በሣሩ ላይ የፈሰሰው ደም ደማቅና አረፋ ያለው ቢሆን ኖሮ፥ ጥይቱ ሳንባዋን መትቶአልና በቅርብ ወድቃ እናገኛት ነበር። ያገኘነው ግን ጠቈር ያለ፥ የታኘከ ቅጠልም የተቀላቀለበት ነበር፤ ሆዷን ተመትታለች ማለት ነው። እንዲህ የተመታች እንስሳ ሌሊቱን ሙሉ ስትጨነቅ ልታድር ትችላለች። አጎቴ ደሙን አዩ፤ ሰማዩንም አዩና፥ «መሽቶአል፤ ጅብ ይጨርሳታል» አሉ።

መምሸቱም ጅብ መኖሩም እውነት ነበር። ይሁን እንጂ ፍርዱን አስቀድመው የሰጡት የደከሙት ጕልበቶቻቸው ነበሩ፤ ምክንያቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቤት ስንደርስ ባለቤታቸው «ቀናችሁ?» ብለው ቢጠይቁ፥ አጎቴ ጠመንጃቸውን ከግድግዳው እየሰቀሉ «ሳትኋት» አሉ። እኔ ምድጃውን ምድጃውን አየሁ። በማግሥቱ እረኞች ከምንጩ አጠገብ ገና ነፍሷ ሳይወጣ አገኟት። የማን ጥይት እንደ ሆነ ሰፈሩ ሲጠያየቅ እኔም ዝም አልሁ።

ሕገ ኦሪት ይህን የአዳኝ ድካም አስቀድማ ያወቀች ይመስለኛል። በዘሌዋውያን በ17ኛው ምዕራፍ፥ የሚበላ አውሬ ወይም ወፍ ያደነ ሰው ደሙን አፍስሶ በአፈር እንዲሸፍን ታዝዞአል። ይህ ሥራ የሚሠራው ማንም በማያይበት ዱር፥ ሰውነት በዛለበትና ልብ ቤቱን በናፈቀበት ሰዓት ነው። በዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ ደግሞ ጫጩት ወይም እንቍላል ያለበትን ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን እንዲለቅ ታዝዞአል። እናቲቱ ያለ ድካም የምትያዘው ስለ ልጆቿ ብላ ከጎጆዋ ስለማትሸሽ ነው፤ ለሰነፍ እጅ ከዚህ የቀለለ አደን ከየት ይገኛል?

በአገራችን በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሎአል፤ መልካም ነው። የፈቃድ ወረቀት ግን ከተኰሱ በኋላ ዱካውን ማን እንደሚከተል አያይም። በደቡባዊው አፍሪካ አገሮች በክፍያ የሚያድን እንግዳ፥ አቍስሎ ያጣውን እንስሳ እንደ ገደለው ተቈጥሮበት ዋጋውን እንዲከፍል ማድረግ የታወቀ ልማድ ነው፤ እግሩ ሲሰንፍ ኪሱ እንዲቀሰቅሰው ታስቦ ይመስላል።

በቅርቡ ፍልፈል የጓሮ ድንቻችንን ቢፈጅብን፥ ልጄ ቅዳሜ ማታ የሽቦ ወጥመድ አጠመደ። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ አያትህ ዘንድ ሄደን እናድራለን፤ ወጥመዱን ማን ያየዋል?» አልሁት።

«ሰኞ ስንመለስ አየዋለሁ አባባ» አለ።

«ዛሬ ሌሊት ቢያዝስ?»

መልስ አልሰጠኝም። እራት ከተበላ በኋላ ባትሪውን አንሥቶ ወጣ፤ ሲመለስም ሽቦውን በእጁ ጠቅልሎ ይዞ ነበር።