ለወላጆች ሸክም አንጨምር

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ከተወሰነ በኋላ ልጆቻችን ቤት ውለው ቤት ያድሩ ነበር። የአምልኮ አዳራሾቻችንም ተዘግተው ነበር። እኛ አገልጋዮችም ወላጆችን «ቤታችሁን ቤተ ክርስቲያን አድርጉ» እንል ነበር። መልካም ነው። ነገር ግን በአንዲት የኪራይ ክፍል አራት ልጆች ይዛ ለምትኖር፣ የቀን ሥራዋም ለቆመባት እናት እንዲህ ብሎ መተው ሸክም መጨመር ነው።

ዘዳግም 6 ወላጆች በቤት ሲቀመጡ፣ ሲተኙና ሲነሡ ቃሉን ለልጆቻቸው እንዲያስተምሩ ያዝዛል። ይህ በዕለት ኑሮ መካከል የሚሆን ነው፤ የእሑዱን ረጅም ፕሮግራም ሳሎን ውስጥ መድገም አያስፈልግም። ለሕፃን አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ፣ አንድ መዝሙርና አጭር ጸሎት ይበቃዋል።

ኤፌሶን 6፥4 ደግሞ ልጆችን ከማስቆጣት እንዲጠበቁ በቀጥታ የሚያሳስበው አባቶችን ነው። አባቶች ሆይ፣ የሥራ ማጣት ጭንቀታችን በልጆቻችን ላይ አይውረድ። ከስልካችን ቀና እንበል፤ ልጅ እንጠብ፣ ወጥ እንሥራ፣ እናትም ትረፍ።

መጋቢዎችም ወደ ምዕመናን ስንደውል፣ ጸሎታቸውን ከመጠየቃችን በፊት ምን እንደ በሉ እንጠይቅ። ያለው ማዕዱን ያጋራ፤ ወጣቶች በስልክ ልጆችን ያስጠኑ፤ ቤት የምታከራዩ ወገኖች የወሩን ኪራይ ቀንሱ፣ ብትችሉም ተዉ። ይህን ለማድረግ መሰብሰብ አያስፈልገንም።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።